ከኋላ የምታውቃቸው መኪኖች
እናቴ አረጋሽ መኪና ነድታ አታውቅም። ልጅነቷ ግን ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ የቆሙ መኪኖችን ስትገፋ ነው ያለቀው።

ትናንት የዚያን መንገድ የድሮ ፎቶ በስልኬ አሳየኋት። መኪኖቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዳገቱን ይወጣሉ። እኔ ዓይነታቸውን ለመለየት ስታገል እሷ በሳቅ እየተንከተከተች በጣቷ ታሳየኝ ጀመር።

«ይቺ ቮልስ ናት፤ ቂጧ ያቃጥል ነበር። ይቺ ሴይቼንቶ፤ በአንድ ትከሻ ትነሳለች። ይሄ ፔጆ ነው፤ ሲነሳ ጭቃውን ፊቴ ላይ ነበር የሚረጨው።»

ሳቋ ተጋባብኝ። አንዷ መኪና ብቻ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ትወርዳለች።

«ይቺስ፣ እማዬ?»

«እሷን በምን ልወቃት? ቁልቁለት የሚወርድ መቼ ሰው ጠርቶ ያውቃል?»