ድልድዩ ላይ የቆመው ጌም

ከካዛንቺስ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ ነው። ልጅሽ እያየችሽ አትሂጂ፣ ጨዋታ ላይ ሳለች ውልቅ በይ ብለው ጎረቤቶቼ መከሩኝ። ለዚሁ ብዬ ከለገሃር ያገለገለ የጃፓን ጌም ገዛሁላት፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ፣ ካሴቱ አልሠራም ሲል እፍ የሚባልበት። ማርታዬ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከጌሙ ሳትነቅል።

«ቅርብ ነው። ይሄን ሳትጨርሺ እመጣለሁ።»

ሻንጣዬን እህቴ ጥሩነሽ ቀድማ በጓሮ አውጥታው ነበር።

ቤሩት ዳቦው እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ዝናቡም የሚመጣው እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በታኅሣሥ ነው። ይሄን ሁሉ ለመድኩት። ያልለመድኩት የአሠሪዬን የማዳምን ልጅ ጌም ነው። ያው ማሽን፣ ያው ዜማ። ልብስ ስተኩስ ከሳሎን ሲሰማኝ ማርታ ከግድግዳው ማዶ ያለች ይመስለኛል፤ ስንቴ ሮጬ ወጥቼ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ማዳም ዕንባዬን አየች። «ምን ሆንሽ? ሸሚዙን አቃጠልሽው?»

«የለም ማዳም፣ ጨዋታው ነው።»

«መጫወት አማረሽ? መጀመሪያ ሸሚዙን ጨርሺ!»

ወደ ቤት ስደውል ጥሩነሽ «ኧረ ይቺ ልጅሽ ጉድ ናት» አለችኝ። ያ ጌም የደረሱበትን አያስቀምጥም፤ ከጠፋ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ማርታ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መጥታ ከመጀመሪያው ትነሳለች። የመጨረሻው ድልድይ ላይ ስትደርስ ግን እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች። የጌሙ ሰውዬ ገደል ሲገባ ዝም ብላ ታያለች።

ጥሩነሽ «ምነው?» ብትላት፣ «እማዬ ሳትጨርሺ እመጣለሁ ብላኛለች። እንዳልቀድማት ነው» አለቻት።

እህቶቼ፣ እኔ እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን ነበር ያልኳት። ለልጅ የምትሉትን ተጠንቀቁ።

ለሁለት ዓመት ብዬ የወጣሁት አራት ሆነ። ፓስፖርቴ የማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ስጠይቃት «ከበዓል በኋላ» ትለኛለች፤ የትኛው በዓል እንደሆነ ግን ነግራኝ አታውቅም።

ባለፈው እሁድ የጥሩነሽ ሞባይል ላይ ደወልኩ። ማርታ አነሳችው። ድምፅዋ የትልቅ ሰው ሊሆን ምንም አልቀረው። ከኋላዋ ያ ዜማ ይሰማል።

«እማዬ፣ ዛሬ ሰውየው እንዳይወድቅ ድልድዩ ዳር አቁሜዋለሁ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

«ቤታችን ሊፈርስ ነው፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው። ጌሙ ደግሞ አርጅቷል፣ ከተነቀለ ወዲያ መነሳቱን እንጃ። እማዬ፣ ልጨርሰው ወይስ ልጠብቅሽ?»

ማዳም ከሳሎን ትጣራለች። ማርታ መልሴን ትጠብቃለች። ከዚህም ከግድግዳው ማዶ፣ ከዚያም ከስልኩ ውስጥ፣ ያው ዜማ እየዞረ ይጫወታል።