የተዘቀዘቀ ኩታ

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ጎንደር ላይ ያንድ ደብር አለቃ በቅሎ ሳቢ ነበርሁ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም አለቃው በበቅሎ ሲሄዱ ከፊት የምሄደው እኔ ስለሆንሁ፣ መንገደኛው ሁሉ እጅ የሚነሣው ለእኔ ይመስለኝ ነበር።

አለቃው መንጋጋቸው ሥር እባጭ ወጣባቸው። ጠበሉም ቅጠሉም ተሞክሮ አልሆነም፤ ኋላ ሐኪም ቤት ገቡና ፈረንጁ ሐኪም ነቀርሳ ነው አለ። ቀደደላቸው፤ ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ አይከል ከተማ ተድራ ነበር። እሳቸው እንደተኙ እሷም በወሊድ ሞተች።

ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። ቁስሉ ሳይሽር መርዶ ቢሰሙ አይተርፉም ተባለ። ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርሁና፣ ልጅቱ ደኅና ናት እያልሁ እንድሸነግላቸው አደራ ተጣለብኝ። በዚህስ አልታማም፣ ሸጋ አድርጌ ነበር የምዋሸው። አንድ ቀን ጋቢ እየፈተለችልዎ ነው እላለሁ፤ በማግስቱ ድሩ አለቀ፣ ማጉ ነው የቀራት እላለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «እግዚአብሔር ይስጣት» ይላሉ።

ችግሩ ኩታዬ ነበር። በሰርጓ ቀን በቅሎዋን የሳብሁት እኔ ነኝ፤ ሐዘኑ የእኔም ነው። እንደ ደንቡ ኩታዬን አዘቅዝቄ ጥለቱን ወደ ላይ ካላደረግሁ፣ ሐኪም ቤቱ አጥር ሥር የሚውሉት ዘመዶች ይቀየሙኛል። ስለዚህ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጥለቱን ወደ ታች እመልሳለሁ፤ ስወጣ ደግሞ ወደ ላይ።

አንድ ረፋድ ላይ ኩታዬን ከመለስሁ በኋላ ዘበኛው አላስገባም ብሎ ያዘኝ። ስንጨቃጨቅ ቆየንና፣ ኩታዬን መመለሴን ረስቼ እንደገና ገለበጥሁትና ገባሁ። ስለ ጋቢው ማውራት ስጀምር አለቃው ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ይህን ኩታ ያዘቀዘቅኸው ለማን ነው?» አሉኝ።

ዝቅ ብዬ ባይ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። አደራው ትዝ አለኝና፣ ምሥጢሩን ያዳንሁ መስሎኝ፣

«ለእርስዎ ነው» አልሁ።

ሳቁ። ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ እንባው አላቆመም።

«ለእኔስ ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበር» አሉ። ቀጥለውም «እሷ መቼ አረፈች?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። ለካ ጋቢውን ካነሣሁ ጀምሮ ጠርጥረዋል፤ ልጃቸው እንዝርት ስትይዝ አይተው አያውቁም። ፍትሐቱ በሥርዓት ደርሶላት እንደሆነ፣ ሕፃኑም ተርፎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለቱንም አዎ አልሁ፤ በዚያ ሰሞን ከአፌ የወጣ እውነት የዚያን ዕለቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ የለበሱትን ነጠላ አዘቅዝቅልኝ አሉ፤ ክንዳቸው አይነሣም ነበር። እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ጥለት ወደ ታች ማድረግ ለምዶብኝ፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። ሳይቆጡ ጠበቁኝ። በሦስተኛው ጥለቱን አንገታቸው ላይ፣ ቁስሉን እንዳይነካ አርቄ አኖርሁት።

«በል አሁን ደጅ ያሉትን ጥራልኝ» አሉ፤ «ብቻዬን አላለቅስም።»