የማዳም ዚያራ

ባለፈው ዓርብ ኒስፍ አልቀመር ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ሄደን ነበር። ሄድን ስል የአሠሪዎቼ ቤተሰብ ሊዝናና፣ እኔ ልጆቹን ልጠብቅ። እዚያ ሰዓዳን አገኘኋት። በምንሠራባት የአረብ አገር ከተማ፣ ኾባር ውስጥ፣ አሠሪዎቻችን ጎረቤታሞች ስለሆኑ እንተዋወቃለን። የወሎ ልጅ ናት፣ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ሁለታችንም የልጆች እግር ከአሸዋ እያጠብን ሳለ ጠጋ አለችኝና፣ «እትዬ ሉባባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዚያራ ሊወስዱኝ ነው» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። እኔ ግን ያጠብኩትን እግር መልሼ ማጠብ ጀመርኩ፤ ልጁ «ኸላስ፣ በቃ» እስኪለኝ ድረስ አልታወቀኝም።

በእኛ አገር ዚያራ ተራ ቃል አይደለም። ዱዓ ወደሚሰምርበት የከበረ ስፍራ፣ ታጥቦና ስእለት ይዞ የሚኬድ መንገድ ነው። የሚሄድ ሰው ደግሞ ለራሱ ብቻ አይሄድም። መሄድ ያልቻለው ሁሉ ስሙን ያስይዘዋል፤ ደርሶ ያንን ስም መጥራት አደራ ነው። እኔ በዚህ ቃል ተሞኝቻለሁ፤ ለሞኝነቱ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኾባር ከገባሁ ስምንት ወር ቢሆነኝ ነው። አረብኛዬ ከወጥ ቤት አይወጣም፤ የሽንኩርትና የሳሙና አረብኛ ነበር። አንድ ቀን ሩዝ ስለቅም ማዳም ብቅ ብላ፣ «ጧኢፍ እንሄዳለን፣ ከዚያ ጂዳ። ዚያራ። አንቺም ከልጆቹ ጋር» አለችኝ። ጂዳ ማለት የመካ በር እንደሆነ የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። ሩዙ ከእጄ ተበተነ።

እናቴ በዚያ ወቅት ታማ ነበር። ሆዷ እያበጠ ሄዶ፣ የደሴ ሐኪሞች ውስጧ ያለው እጢ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት ብለው ቀጠሮ ሰጥተዋታል። እሷ ቢላ ትፈራለች። በሰፈሩ ስልክ ያለው ባለሱቁ ብቻ ስለነበር ዓርብ ዓርብ እዚያ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ዚያራ ልሄድ ነው ስላት ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ልጅ የዘገየባት፣ ወንድሟ የጠፋባት፣ ከባሏ ያልተስማማች፣ ሁሉም ስም አስያዘኝ። የእናቴን ጨምሮ ሃያ ሦስት ስም ጻፍኩ።

«የኔን መጨረሻ ላይ ጥሪው» አለችኝ እናቴ። «የሰው አደራ ይቀድማል።»

መንገዱ ረጅም ነበር። ከኾባር እስከ ሪያድ፣ ከሪያድም ወዲያ ሜዳ ብቻ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት የለውም። ጧኢፍ ስንቃረብ ግን ተራራ መጣ። ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ መንገድ ዳር በለስ በሣህን ይሸጣል። እሾሁን በሣር ጠርገን በነጻ የምንበላውን በለስ በገንዘብ ሲገዙት አይቼ ሳቄ መጣ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ከዚያ ወዲህ አላስታውስም።

ጧኢፍ የማዳም እህት ቤት ሦስት ቀን ሰነበትን። የሁለት ቤት ሰው ሣህን አጠብኩ። ግድ የለም፣ ወደ ዚያራ የሚሄድ ሰው ይደክማል አልኩ። በአራተኛው ቀን ቁልቁል ወደ ጂዳ ስንነሣ፣ ልጆቹ ዝንጀሮ ይዩ ተብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ መኪናው ቆመ። ከሥራችን መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው። የልጆቹ አባት በጣቱ እያሳየ፣ «መካ በዚያ በኩል ናት» አላቸው።

መካ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ታጥቦ በልቡ ሐሳቡን ያስራል፣ ያ ኒያ ነው። ወደ ማዳም ሄጄ፣ «ታጥበን ኒያ የምናደርገው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የምን ኒያ?»

«የዑምራ፣ ካዕባን የምናይበት።»

ሳቀች፤ በክፋት አልነበረም። «ዑምራ ማፊ፣ የለም፣ ሉባባ። ዚያራ ነው ያልኩሽ። እህቴን ጠየቅን፣ አሁን ጂዳ ወንድሜን እንጠይቃለን።»

ለካ በእነሱ አፍ ዚያራ ዘመድ ጥየቃም ነው። አክስት ቤት ሄዶ ሻይ ጠጥቶ መመለስም ዚያራ ይባላል። እንዲያም ሆኖ ፊቴን ወደ ጭጋጉ አዙሬ ወረቀቱን አወጣሁና ስሞቹን መጥራት ጀመርኩ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ዝንጀሮ ከትንሹ ልጅ እጅ ብስኩት ነጥቆት ልጁ ጮኸ፤ ማዳም ጠራችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ከተራራው ወርደን መንገዱ ለሁለት ሲከፈል መኪናው ወደ መካ የሚያመለክተውን ቀስት ትቶ በሌላው ሄደ። ጂዳ ላይ ባሕሩንም የጥንቱን ሰፈር ባለ እንጨት መስኮት ቤቶችም አሳዩኝ፤ ቆንጆዎች ናቸው። ወረቀቱን ግን ደግሜ አላወጣሁትም። አፈርኩ።

ኾባር በተመለስን ዓርብ ደወልኩ።

«ስሜን ጠራሽው?» አለችኝ እናቴ።

ሃያ ሁለት ሰው ከጀርባዋ ቆሞ የሚሰማ መሰለኝ።

«ጠራሁት፣ እማ።»

ነገ እነግራታለሁ አልኩ በልቤ፤ ሱቁ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት። በሚቀጥለው ዓርብ ስለ ደሴው ቀጠሮ ስጠይቃት፣ «ዱዓው ከደረሰ ወዲያ ቢላ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? አልሃምዱሊላህ፣ ቀለል ብሎኛል» አለች። አሁንም ነገ አልኩ። ቀጠሮው አለፈ። ክረምቱ ሲያልቅ የደወለው ባለሱቁ ራሱ ነበር። ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ስሟ መካ ላይ የተጠራ ሴት እያለ ቀበራት አለኝ።

አጠገባችን ካለችው ከተማ ከደማም በየሳምንቱ ወደ መካ አውቶቡስ ይነሣል፤ እኔ እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩም። በምን ፊቴ?

ሰዓዳን ግን ያን ዕለት ባሕሩ ዳር ዝም አላልኳትም። «ማዳምሽ ዑምራ ብላሻለች ወይስ ዚያራ?» አልኳት።

«ዚያራ።»

«እንግዲያው ዘመድ ጥየቃ ነው። ካዕባን አታዪም፣ ሰዓዳ።»

የያዘችውን የልጅ ጫማ አሸዋው ላይ አስቀመጠች።

«ለእናትሽ ነግረሻታል?» አልኳት።

«ነግሬያታለሁ። ልቧን ያማት ነበር፣ ከሰማች ወዲህ ቀለል ብሎኛል ብላለች።»

«አሁኑኑ ደውዪላት። እዚሁ፣ እኔ እያለሁ።»

ያኔ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ ይህን ቢለኝ እናቴ ትተርፍ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። በዚህ ሐሳብ ስንት ዓመት ተጽናንቻለሁ። ሰዓዳ ስልኩን አወጣች፣ የእናቷን ስም አየችው፣ ብዙ አየችው።

«ነገ እነግራታለሁ፣ እትዬ» አለችና መልሳ ኪሷ ከተተችው።