ዙሪክ ያለችው የአባቴ ልጅ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፣ ቶኔ፣ ጄኔቭ ዳርቻ

ዝናብ ያራሰው አስፋልት፣ ያልተከፈተ ዳቦ ቤት፣ ባዶ ትራም። ወደ ዙሪክ የምሄደው አንዲት ሴት ፊት ቆሜ «ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ» ልላት ነው።

ሴትየዋ ሊን ትባላለች። የአባቴ ልጅ ናት፤ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ቻይናዊ ነው። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ሲሠራ ግሬደር ይነዳ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በካምፑ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። አማርኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር ትላለች። ሁለት ዓመት ሲሞላኝ «ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ለእኔ የቀረኝ ዓይኑና ፀጉሩ ነው። የላፍቶ ልጆች በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ስሜ «ቻይና» ነበር። ጄኔቭ ከገባሁ ወዲህ አባቴን ለጠየቀኝ ሁሉ ሞቷል እላለሁ። ከሦስት ወር በፊት ሊን የሕፃንነት ፎቶዬን ከአባታችን ወረቀቶች መሃል አገኘች። ጀርባው ላይ የተጻፈውን የእናቴን ስም ፌስቡክ ላይ ፈልጋ ደረሰችብኝ።

ጠዋት 1፡20፣ ባቡር ላይ

ሎዛንን አልፈናል። ከታች ሐይቁ፣ ከላይ በእርከን የተተከለ ወይን። ቡናና ክሯሳን ስምንት ፍራንክ፤ ቡናው ቀዝቅዟል። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ የተራራ ጫማ ያደረገ ሰውዬ መዳፎቹን አጋጥሞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኒ ሃው» አለኝ።

«ኢትዮጵያዊት ነኝ» አልኩት በፈረንሳይኛ።

«ማለቴ፣ የእውነት ከየት ነሽ?»

«የእውነት ከቶኔ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሐበሻ ሰርግ ስሄድ በእንግሊዝኛ ያናግሩኛል፤ ባቡር ስሳፈር በቻይንኛ። ማንነቴን ሰው ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል፣ ዙሪክ

ሊን ከጣቢያው ትልቅ ሰዓት ሥር ቆማለች። አጭር ናት፤ የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ግንባሯ የእኔ ግንባር ነው። ይሄኛው አናደደኝ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ጨበጥኳት።

የከተማውን ወንዝ ይዘን ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን፤ በእንግሊዝኛ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። በመጨረሻ «የእናንተን ምግብ አብልተሽኝ የመጣሽበትን ንገሪኝ» አለችኝ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ላንግሽትራሰ ጎዳና

በአንድ የሐበሻ ሱቅ ጀርባ አራት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ገባን። ጠና ያሉት ባለቤት አንዷን ደንበኛ በአማርኛ እንዲህ አሏት፦

«እነዚህ ቻይናዎች ደግሞ ምን ሊበሉ መጡ? ድመት የለንም በያቸው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሊን የተቀበሏት መስሏት አብራቸው ሳቀች።

እንዲህ ሲገጥመኝ ልማዴ ቶሎ ብሎ በአማርኛ መቀለድ፣ የእነሱ መሆኔን ማሳየት ነው። የሊንን ሳቅ ሳይ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ድመት አንበላም» አልኳቸው።

ደነገጡ። «ውይ የኔ ልጅ፣ ሐበሻ ነሽ እንዴ? ስላንቺ እኮ አይደለም፤ ስለ እሷ ነው።»

«እሷ እህቴ ናት።»

ይህን ቃል አስቤ አልተናገርኩትም። ዞረን ስንወጣ ሴትየዋ «ቀልድ ነው፣ ተቀመጡ፣ ቁርጥ ላድርግላችሁ» እያሉ እስከ በር ተከተሉን። ቀልድ ነው ይላሉ ሁልጊዜ። የሚቀለድበት ሰው ግን እየሳቀ አይመለስም።

መንገድ ላይ የሆነውን ነገርኳት። ሊን «ፎቶሽን ሳገኝ እናቴ 'የዚያች ጥቁር ልጅ' አለችሽ። እኔ ዝም አልኩ» አለችኝ።

እሷንም ልመታት ምንም አልቀረኝም። ግን መደበቅ ስትችል ነገረችኝ።

9 ሰዓት፣ አድሊስቪል፣ ከዙሪክ ወጣ ብሎ

የሊን ክፍል ከወንዙ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኑድል አበላችኝ። ከዚያ «አባባ ስልክ እየጠበቀ ነው፤ ካልፈለግሽ እተወዋለሁ» አለችኝ።

«ደውዪ» አልኳት።

ስልኩ ስክሪን ላይ የመጣው መላጣ ሽማግሌ ነው፤ ካናቴራ ለብሷል። ሲያየኝ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሰላምታ አልሰጠሁትም።

«እናቴ ስድስት ደብዳቤ ጻፈችልህ። ለምን አልመለስክም?» አልኩት በአማርኛ።

አማርኛው ጠፍቶበት ከሩቅ የሚፈልገው ይመስል ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አንድ ቃል ተናገረ።

«ፈራሁ።»

«እኔም እፈራ ነበር» አልኩት። «እኔ ግን ልጅ ነበርኩ።»

አቀረቀረ። ሊን ምን እንደተባባልን አልገባትም፤ ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች።

11 ሰዓት፣ አድሊስቪል ጣቢያ

አልታረቅሁትም። ሊን «ልጻፍልሽ?» ስትለኝ፣ «አንቺ ጻፊ። እሱ የሚለው ካለው ግን ራሱ ይጻፍ» አልኳት።

ባቡሩ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። የአባታችን የቤተሰብ ስም በቻይንኛ እንዴት እንደሚጠራ ጠየቅኋት። አለችው፤ ደገምኩት፤ አልሆነም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና አልኩት። አጠገባችን የቆመች ሴት ዞራ አየችን። ድምፄን ዝቅ ላደርግ ነበር፤ ዝቅ ማድረጉን ተውኩት። በአራተኛው ሊን «አሁን ልክ ነው» አለችኝ።