ከአዲስ አበባ ዶሃ ስንት ሰዓት ነው?

ዶሃ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው ሰፈር ስንኖር አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። እናቴ ቃሉን አፏ ላይ ይዛ ትቆይና ድምፁ ሲርቅ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አሁን የምንኖርበት ሰፈር ጭር ያለ ነው። ያ ጩኸት ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

እህቴ የመጣችው እዚያ ቤት ሳለን ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ አምስት። ደሴ አክስቴ ዘንድ ትተናት ከመጣን ስድስት ዓመት ሞልቶ ነበር። እናቴ በደወለች ቁጥር የምትላት አንድ ነገር ነው፦ «ከኤርፖርቱ ስትወጪ መጀመሪያ የምታይው እኔን ነው።»

አክስቴ የበረራውን ሰዓት ልትነግረን ስትደውል ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። «አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነሥታ አንድ ሰዓት ትገባለች» አለች። ጻፍኩት። አባቴ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ።

«ከጠዋት ሦስት እስከ ማታ አንድ፣ አሥር ሰዓት ሙሉ? አውሮፕላን ነው አይሱዙ?»

«መንገድ ላይ ያርፍ ይሆናል» አለች እናቴ። በዚሁ አለፈ።

አባቴ ሹፌር ነው። አርብ ዕለት፣ ማታ ሊወስደን ተነጋግረን፣ ባባ የሚለውን አሠሪውን ሊያደርስ ሄደ። እናቴ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፤ እኔ የትምህርት ቤት አትላሴን ዘርግቼ እህቴ አሁን የት ሰማይ ላይ ትሆን እያልኩ እፈልጋለሁ። ከዶሃ አዲስ አበባ በክር ለካሁ። ከዚያ ከዶሃ ካይሮ ለካሁ። ክሩ እኩል ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠው ግብፃዊት ደግሞ ካይሮ አራት ሰዓት እንደማይፈጅ፣ ፊልሙ ሳያልቅ እንደሚያርፉ ስንቴ ነግራኛለች።

«እማ፣ አሥር ሰዓት አይፈጅም። አራት ነው።»

«እና አክስትሽ ዋሸች?»

«አልዋሸችም። መነሻውን በሐበሻ ሰዓት ነገረችን፣ መድረሻውን ትኬቱ ላይ እንዳለ አነበበችው። የትኬቱ አንድ ሰዓት በእኛ ሰባት ሰዓት ነው፣ ቀን።»

ሁለታችንም የግድግዳውን ሰዓት አየን። ለሰባት ሩብ ጉዳይ።

እናቴ እጇን እንኳ ሳትታጠብ አባያዋን ደረበች። «ያላ፣ ጫማሽን።» አባቴ ስልኩን አያነሣም። ታክሲ አጣን። በዚያ ፀሐይ በእግራችን ወጣን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ የአባያዋን ጫፍ ይዤ ከኋላ። አንድ አውሮፕላን ከላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቀና ብላ አየችውና መሮጥ ጀመረች። እናቴ ስትሮጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ደስ አለኝና ሳቅኩ፤ «ሳቂ፣ ሳቂ፤ እሷ እዚያ ብቻዋን ትቁም» አለችኝ ሳትዞር።

ኤርፖርት ስንደርስ የአዲስ አበባዎቹ ገና መውጣት መጀመራቸው ነው። እናቴ ሰው እየገፋች ከአጥሩ ፊት ቆመች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሻሿን ታስተካክላለች። በመጨረሻ ከእኔ በሁለት ስንዝር የምትረዝም ልጅ ጋሪ እየገፋች ብቅ አለች። እናቴ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አጥሯት ድምፅ አልወጣላትም። እጇን ብቻ አነሣች።

ልጅቱ ያን ሁሉ ጥቁር አባያ አልፋ ቀጥ ብላ መጣች።

«እማ፣ ብዙ ጠበቅሽኝ?»

«ኧረ፣ አሁን መድረሳችን ነው» አለች እናቴ። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠብ ነበር።