ከመሪጌታው ጋር ተቆራኝቼ

ነገረኛ ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ሆንሁ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ በእንቅልፌ እያለቀስሁ ብቸገር፣ አንበሳሜ ላይ ጭንቀት ለሚያክሙ አንድ መሪጌታ ጉዴን በምስጢር ነገርኋቸው። በሳምንቱ ገበያ ስወጣ አሞሌ ጨው ሻጩ፣ «የእንቅልፍ ልብ ለቅሶው ተሻለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልከሳቸው ስነሣ የአገር ሽማግሌዎች፣ «መሪጌታን ያህል ሰው አትክሰስ፤ ተወው» ቢሉኝ አልተውም አልሁ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እንዳይለያዩ፣ እንደ ወጉ የኔንና የመሪጌታውን ኩታ ጫፍና ጫፍ ቋጥረው አቆራኙን፤ ደብረ ታቦር ወዳሉት ዳኛም ጉዞ ጀመርን።

ለካ መንገደኛው ሁሉ ታካሚያቸው ነው። አንዱ ስለ ሚስቱ፣ አንዷ ስለ አማቷ፣ እየመጡ በጆሯቸው ያንሾካሹካሉ። ኩታው አጭር ነውና እኔም እሰማለሁ።

«ጆሮህን መልስ» አሉኝ መሪጌታው ተቆጥተው።

«ወዴት ልመልሰው?» አልኋቸው።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ዳኛው መሪጌታውን ገና ከሩቅ አይተው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔ አሽከር ሳልመስላቸው አልቀረሁም። ጠጋ ብለው፣ «መሪጌታ፣ የሰጡኝ ክታብ አልረዳኝም። አሁንም ፈረስ ባየሁ ቁጥር ሮጬ እደበቃለሁ። አደራ፣ ሰው እንዳይሰማ» አሏቸው።

ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «ከሳሽ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እኒህ ሰው የታካሚ ምስጢር አይጠብቁም።»

ዳኛው መሪጌታውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው የኩታውን ጫፍ ተከትሎ ቋጠሮው ላይ ደረሰ፤ ከቋጠሮውም ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።