የማንንም ውሃ የጠጣችው ሚኒባስ

ሚሬ ከጅጅጋ ቀብሪበያ የሚያመላልሳት ሚኒባስ ስንት ዓመቷ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ተሳፋሪዎች ግን ሲቀልዱባት አይደክሙም። «አያቴ የተዳረችው በዚህች መኪና ነው» ይላል አንዱ። ሚሬም ከመሪው ላይ ዞር ሳይል «አውቃለሁ፤ ያን ቀን በሩ አልዘጋ ብሎን ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተዘጋም» ብሎ ይመልሳል።

ሚሬ ጠያቂ ሰው ነው። ያልገባው ነገር ካለ ምግብ አይወርድለትም። አንድ ጊዜ ባጃጅ በሦስት ጎማ እንዴት እንደማይገለበጥ አጣራለሁ ብሎ ግማሽ ቀን አስፋልት ዳር ተቀምጦ ሲያይ ውሏል ይባላል፤ ባጃጁ አልተገለበጠም፤ እሱ ግን ፀሐይ መትቶት ተገለበጠ።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወጥሮ ያዘው። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን እስከ አፉ ይሞላል። መኪናዋ መንገዱን ሳታጋምስ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ይወጣና እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ትንተከተካለች። ክዳኑ ሲከፈት ውሃ የለም። ታዲያ የት ገባ? ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጠፈ፤ ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። በማግስቱ አንጥፎ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ አሁንም ደረቅ ነው። በመጨረሻ ጥርጣሬው የኋላ ወንበር ላይ በሚቀመጡት ተሳፋሪዎች ላይ አረፈ፤ ግን ውሃውን በየት በኩል እንደሚጠጡት ማስረዳት አቃተው።

መኪናዋ በፈላች ቁጥር ደግሞ መንገድ ላይ የምትታይ ደግነት አለች። በዚያ አገር የተጠማን አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ የተጠማው መኪና ቢሆንም። ሚሬ ቆሞ ኮፈኑን ሲያነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ይወርዳል። አንዱ የጉድጓድ ውሃ ያፈስላታል፣ ሌላው በቦቴ የመጣ፣ ሌላው ደግሞ ቢርካ ከሚሉት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የቀዳውን። ለዓመታት የሱማሌ ክልል ውሃ በሙሉ በዚያች ራዲያተር በኩል አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ብዙም አይሆንም።

አንድ ቀን መኪናዋ ከተማ ሳትወጣ ፈላችና ሚሬ መካኒኩ ደሬሳ ጋራዥ አስገባት። ደሬሳ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና ከሥር ያለውን መፍሰሻ ፈታው። የወጣው ነገር ውሃ አይመስልም፤ ቀይ ጭቃ ነው።

«ሚሬ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ ሸክላ መሥሪያ?»

«ውሃ ነው የሰጠኋት፤ ጭቃውን ከየት አመጣችው?»

«ከራሷ ሆድ ነዋ! ጨው ያለው ውሃ ስታጠጣት ብረቷ ይዝጋል፤ ጨውም እንደ ማንቆርቆሪያ ቂጥ ይጋገርባታል።»

ሚሬ ዓይኑ በራ። ጭቃውን በእንጨት እያገላበጠ «ውሃው ግን የት ይሄዳል? ካርቶኑ እኮ ደረቅ ነው!» አለ።

ደሬሳ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጦ አሳየው። የውስጡ ጎማ ተሰነጣጥቆ ደርቋል፤ ዙሪያውንም ነጭ የጨው ዱካ ሠርቷል። «ስትሞቅ በዚህ በኩል በእንፋሎት ትተነፍሳለች። ስትበርድ አታፈስም። አንተ ደግሞ ካርቶን የምታነጥፈው ከበረደች በኋላ ነው!»

ሚሬ ሎተሪ የደረሰው ያህል ሳቀ። ደሬሳ ግን አልሳቀም። ሆዷን ደጋግሞ አጠበ፣ ክዳኑን ለወጠ፣ የላሉትን የቱቦ ማሰሪያዎች አጠበቀ፣ በተጣራ ውሃ የተበጠበጠ ኩላንት የሚሉትን አረንጓዴ የሞተር ማቀዝቀዣ ሞላላት። ከዚያ ጣቱን ቀሰረ።

«ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ልኩን እይ። ቢጎድል ከዚሁ ጨምር። ትኩስ ክዳን እንዳትከፍት፣ ፊትህ ይቀቀላል። የማንም ጄሪካን እንዳይጠጋት! ካሁን በኋላ የጉድጓድ ውሃ ከገባባት የሞተሩን ራስ ዝገት ይበላዋል፤ ያኔ እኔ ጋ ሳይሆን ቁራሌው ጋ ነው የምትወስዳት።»

ሚሬ ከሷ ሌላ እንጀራ የለውም። ወላሂ ብሎ ማለ።

መሐላው በማግስቱ ተፈተነ። ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ቆመና፣ አዲሱ ክዳን እንዴት እንደያዘ ለማየት ጉጉቱ አላስቀምጥ ብሎት ወርዶ ኮፈኑን አነሳ። ክዳኑን ሳይነካ ዞር ሲል ተሳፋሪው ጄሪካን በጄሪካን ሆኗል። ከፊት ኤዶ ቃሊ ውሃ የሞላ ጆግ ይዘው ቆመዋል። ኤዶ ማለት አክስት እንደማለት ነው፤ የግመል ወተት ነጋዴዋ ቃሊ ግን የመንገዱ ሁሉ አክስት ናቸው። እሳቸው ያኮረፉት ሚኒባስ ባዶውን ይሄዳል።

«ወርያ ሚሬ! ይሄ የሐርሺን አገር የዝናብ ውሃ ነው፤ ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኩት። እንካ፣ አጠጣት።»

«ኤዶ፣ ዛሬ አልጠማትም…»

«አልጠማትም?» የኤዶ ቃሊ ቅንድብ ተነሳ። «የኔ ውሃ ነው ያልጣማት?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ሚሬ ዞረ። ግመሎቹ እንኳ የቆሙ መሰሉ። ሚሬ በሐሳቡ የደሬሳን ጣት አየ፣ የቁራሌውን ጆንያ አየ፤ ከፊቱ ደግሞ የኤዶ ቃሊን ቅንድብ አየ። ከዚያ ጆጉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ራሱ አፍ አስጠጋና አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ጨለጠው።

«ሐኪሟ ከልክሏታል ኤዶ» አለ አፉን እየጠረገ። «እኔ እጠጣላታለሁ።»

ኤዶ ቃሊ በሳቅ ፈነዱ፤ «እንግዲያው የሌሎቹንም አትናቅ!» ብለው ወደ ጄሪካኖቹ ጠቆሙ። ሚሬ ከየጄሪካኑ ጠጣ። የጉድጓዱ ውሃ ጨው እንዳለው በምላሱ ያረጋገጠው ያኔ ነው፤ ለዚህ እንኳ ደስ አለው።

ከዚያ ወዲህ ሚሬ በየጉዞው ይጠጣላታል፤ የሙቀቱም ቀስት ከመሐል ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሚኒባሷ መንገድ ላይ መቆሟን ግን አልተወችም፤ ቀብሪበያ እስክትደርስ ቁጥቋጦ ባለበት ሁሉ ትቆማለች። ኤዶ ቃሊ ከመስኮቱ ሆነው፣ ወደ ቁጥቋጦው የሚሮጠውን ሚሬን እያዩ አዲስ ለተሳፈረው ሁሉ ያስረዳሉ፦

«አትስጉ፣ መኪናዋ ድናለች። አሁን የሚያፈሰው ሹፌሩ ነው።»